የመጨረሻዋን ሮድ ገና አትንካት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ቤል 206 ሄሊኮፕተር ላይ የሳይክሊክ ሰርቮ (የአብራሪውን ስቲክ በሃይድሮሊክ ግፊት የሚያግዘውን) ቀይረሃል። ስቲኩን መሃል ላይ ስታስረው ስዋሽ ፕሌቱ፣ ማለትም የስቲኩን እንቅስቃሴ ወደ ሮተሩ ምላጮች የሚያስተላልፈው ሳህን፣ ትንሽ ያዘነብላል። «ከሰርቮው በኋላ ያለችውን የመጨረሻዋን ማገናኛ ዘንግ፣ ሮዷን፣ ሁለት ዙር ባስረዝማትስ?» ነው ያልከው።

ገና ነው፣ አትንካት። እኔ ነክቻት ጉድ ስለሆንኩ ልንገርህ።

ከዓመታት በፊት እንዳንተው ሰርቮ ቀየርኩ። ሰዓቱ መሽቷል፤ ሄሊኮፕተሩ ደግሞ ጠዋት ይፈለጋል። መሃል ላይ አልገጥም ሲለኝ የመጨረሻዋን ሮድ አስረዘምኩና ቀጥ አለልኝ። እጄን ልታጠብ ስል አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን መጡ። ስቲኩን ይዘው እስከ ጥግ ወደ ፊት ገፉት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሳቡት። ምንም ሳይሉ መለኪያውን ከእጄ ወሰዱ። ወደ ፊት የስዋሽ ፕሌቱ ዲግሪ ሙሉ ነው። ወደ ኋላ ግን ሁለት ዲግሪ ያህል ይጎድላል። ስቲኩ ማቆሚያው ላይ ሳይደርስ ሰርቮው ጥግ ይመታ ነበር። «አብራሪው ሲያርፍ አፍንጫዋን ቀና የሚያደርገው በዚህች ነው» አሉኝ።

ከታች ጀመርን። ወለሉ ስር ካሉት ቤል ክራንኮች (የሮዶቹን እንቅስቃሴ አቅጣጫ ከሚያስቀይሩት ክንዶች) አንዱ ላይ ሪግ ፒኑ፣ ክፍሉን በትክክለኛ ቦታው የሚያስረው ፒን፣ በማርቴሎ ካልሆነ አልገባም አለ። ለካ ቀደም ሲል አንዲት ሮድ ስትቀየር ርዝመቷ ከአሮጌዋ ጋር አልተመሳከረም። ስህተቱን የሸፈነው ሰው ደግሞ የአሮጌውን ሰርቮ ጫፍ አስረዝሞ ነበር። እኔ አዲሱን በማኑዋሉ ልክ ሳስገባ ጉዱ ወጣ። ሰርቮው ምንም አላጠፋም።

ስለዚህ የነካካኸውን ሁሉ ወደ ማኑዋሉ ልክ መልሰው። ከስቲኩ ተነስተህ ወደ ላይ ውጣ፣ በየደረጃው ፒን እያስገባህ። ፒን በጣት ግፊት መግባት አለበት። እምቢ ካለ ስህተቱ ከዚያ በታች ነው፤ እዚያው አስተካክለህ ነው የምትቀጥለው። ማኑዋሉ ሃይድሮሊክ ግፊት ስጥ የሚልበት ቦታ ላይ በማሽን ስጥ። አለዚያ የሰርቮው ቫልቭ ልቅነት ያታልልሃል።

ሮዱን ስታስተካክል የጫፉን የማያ ቀዳዳ፣ ቡሎኑ በቂ መግባቱ የሚታይባትን ትንሽ ቀዳዳ፣ ፈትሽ። ቀጭን ሽቦ አስገባ። ሽቦው ካለፈ ቡሎኑ በቂ ጥርስ አልያዘም ማለት ነው፣ ዳዶው የቱንም ያህል ቢጠብቅ። ይህችን ሙከራ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ሮዷን ለብቻዬ ሦስቴ እወጋታለሁ።

«ፒች ሊንኩን (ከስዋሽ ፕሌቱ ወደ ምላጩ የምትሄደውን ዘንግ) አስተካክለው» ብሎ የመለሰልህ ሰው አለ። አትስማው። ፒች ሊንክ የምላጮቹን መስመርና የኦቶሮቴሽን ዙር (ሮተሩ ያለ ሞተር ኃይል በአየር ሲዞር ያለውን ፍጥነት) ነው የሚያስተካክለው፤ ያዘነበለ ስዋሽ ፕሌትን አያቀናም። በነገራችን ላይ ያንን ዙር ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አዲስ አበባ ላይ ብትለካው፣ ባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። በየከፍታው የሚጠበቀውን ዙር የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ሳያይ ሊንክ የሚያዞር ሰው ጤነኛ ሮተር ያበላሻል።

ሲያልቅ «ሙሉና ነጻ ነው»፣ ማለትም መቆጣጠሪያው እስከ ጥግ ያለ እንቅፋት ይሄዳል፣ ብለህ ብቻ አትፈርም። ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ መሄዱንም እይ። ከሩሲያ ሠራሹ ሚ-8 ሄሊኮፕተር የመጣህ ከሆነ ፔዳል ላይ በተለይ ተጠንቀቅ። ቤል ላይ ዋናው ሮተር ከላይ ሲታይ በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ስለሚዞር፣ ኃይል ሲጨመር የሚረገጠው የግራ ፔዳል ነው። ሚ-8 ላይ የቀኙ። እጅ የለመደውን ነው የሚያየው። ለዚህ ነው ሥራውን ያልነካ ሁለተኛ ሰው የሚፈትሸው፤ አጠገብህ ቆሞ ቁልፍ ሲያቀብል የዋለው ልጅ አይሆንም።

ፒኖቹን ስታወጣ ቁጠራቸው። ስድስት ካስገባህ ስድስት ሳጥን ውስጥ ሳታይ ስቲኩን አታንቀሳቅስ። እኔ ቀይ ጨርቅ አስርባቸዋለሁ።

በል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስንት ዲግሪ እንዳገኘህ፣ የትኛው ፒን እምቢ እንዳለህም ጻፍልን። ከዚያ በኋላ ስለ ሮዷ እናወራለን።