«ቀለም ቆጥሬ ልብላ ወይ?» ላልሽኝ

ሰላም እህቴ፣ ደብዳቤሽን ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ ቤት እስክገባ በሆዴ ስመልስልሽ ነበር። ባጭሩ ያልሽው፦ በአማርኛ ሥነጽሁፍ ልትመረቂ ነው፣ ማስተርስ ላይ የግጥም ምጣኔን፣ ማለትም ስንኝ በስንት ቀለም (በስንት የድምጽ ክፍል) እንደሚለካ፣ በብዙ ቋንቋ ማወዳደር ፈልገሻል፣ ጅዳ ያለው አጎትሽ «አካውንቲንግ ካልሆነ አልከፍልም» ብሏል፣ አንቺ ደሞ «ሰባት ስምንት ቋንቋ ሳልችል እንዴት» ብለሽ ፈርተሻል።

አጎትሽ ብሩ የሱ ነው፣ መብቱ ነው። ግን አካውንቲንግ ጨርሶ ቤት የተቀመጠ ልጅ ሲቪ በየሳምንቱ ይመጣልኛል። ማታ ተማሪ፣ ቀን ሥሪ፣ አለቀ።

ያናደደችኝ ሰባት ስምንቷ ናት። መጨረሻ ላይ «ጅግጅጋ ስላደግኩ ሶማልኛም እችላለሁ» ብለሽ ጣል ያደረግሻት ነገር እኮ ናት ዋናዋ!

የወል ቤት የምንለው የአማርኛ ስንኝ 6 ቀለም በ6 ቀለም ነው አይደል፣ አሌክሳንድሪን የሚባለው የፈረንሳዮቹ ስንኝም 12 ሆኖ 6 ላይ ይቆረጣል፣ ቁጥሩ ገጠመ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፣ ጉዳዩ ምኑን ነው የቆጠርሽው ነው። «ልብስ» በፊደል 3 ነው፣ ባፍ ስትያት 1። ጃፓኖች «ኒፖን» ስትያቸው እኛ 2 የምንሰማውን 4 ይቆጥራሉ፣ የጠበቀችው ፐ አንድ ታስጨምራለች፣ መጨረሻ ያለችውም ን ለብቻዋ ናት። ሶማልኛ ደሞ አናባቢው ከረዘመ 2 ካጠረ 1 ነው፣ ይሄን ገጣሚው ጋሪዬ እ.ኤ.አ. በ1976 ጋዜጣ ላይ እስኪያወጣው ድረስ ገበይ የሚባለውን የሶማልኛ ግጥም የሚገጥመው ሰው ልኩን በጆሮው ብቻ ነበር የሚያውቀው። እኛ ጋ የአናባቢ ርዝመት የለም፣ መጥበቅና መላላት ግን አለ። የሚጠብቅ ቀለም ስንኝ ውስጥ ይከብዳል ወይስ እንደማንኛውም አንድ ነው? በቃ ይቺን ጠይቂ፣ ሁለት ቋንቋ ይበቃሻል፣ ፕራት የሚባለው የድምጽ መለኪያ ፕሮግራምም በነጻ ነው።

እንጀራውን በተመለከተ፣ እኔ የቱርክ ድራማ ወደ አማርኛ ዳብ ሲደረግ ስክሪፕት ስጽፍ ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ፣ ተዋናይዋ ከንፈሯን ሳትገጥም ያንተ ቀለም ማለቅ አለበት፣ አንድ ከተረፈህ ዓረፍተ ነገሩን አፍርሰህ እንደገና ነው፣ ጠረጴዛ ላይ በጣቴ እየመታሁ ነበር የምቆጥረው፣ የቤት ኪራዬንም የከፈለው ያ ነው። ሁለት ቋንቋ ሰምታ መቁጠር የምትችል ልጅ ስቱዲዮ በር ላይ ብዙ አትቆምም።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ላልሽው፣ ይሻሻላል፣ ለሱ አታልቅሺ።

ለበዓል ጅግጅጋ ስትወርጂ ገበይ የሚያውቅ ሽማግሌ ፈልገሽ በስልክሽ ቅጂ፣ አስር ስንኝ ይበቃል፣ አድማጭ በሌለበት ጸጥ ያለ ክፍል ይሁን፣ ከዛ ላኪልኝና አብረን እንቆጥራለን።