«አብላጫ» ከማን የበለጠ ነው?

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሕንድ የግዛት ምርጫዎች ለአንድ መጽሔት በማዘጋጀው ጽሑፍ ውስጥ የሚከተለውን ጻፍሁ (ካርናታካ በደቡብ ሕንድ ያለች ግዛት ናት፤ ቢጄፒ፣ ኮንግረስና ጄዲኤስ በዚያ የሚወዳደሩ ፓርቲዎች ናቸው)፦ «በ2010 ዓ.ም. በካርናታካ ምርጫ ቢጄፒ በአብላጫ ድምፅ ቢያሸንፍም፣ ኮንግረስና ጄዲኤስ ተዋሕደው ጥምር መንግሥት ስለመሠረቱ የቢጄፒው ጠቅላይ ሚኒስትር በሦስተኛው ቀን ሥልጣን ለቀቁ።» አርታኢው «በአብላጫ ድምፅ» የሚለውን አስምሮበት «ካሸነፈ ምን አስለቀቀው?» አለኝ። ጥፋቱ የቃሉ ነው ወይስ የሕንድ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ ስለሆነ ነው?

መልስ፦ ሥርዓቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጥፋቱ የአጻጻፉ ነው፤ ደግሞም አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። አርታኢዎ ያሰመሩበት ዋነኛው ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ግንቦት 4 ቀን 2010 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2018) በካርናታካ ምርጫ ሲካሄድ የግዛቲቱ ምክር ቤት 224 መቀመጫ ነበረው። በሁለት የምርጫ ክልሎች ድምፅ አሰጣጡ ስለተላለፈ ውድድሩ በ222ቱ ላይ ሆነ። ውጤቱ ግንቦት 7 ተነገረ፦ ቢጄፒ 104፣ ኮንግረስ 78፣ ጄዲኤስ 37፣ የጄዲኤስ አጋር የነበረው ቢኤስፒ 1፤ የቀሩትን ሁለት መቀመጫዎች አንድ ትንሽ ፓርቲና አንድ የግል ተወዳዳሪ ወሰዱ። ከ222 ግማሹን ለማለፍ 112 ያስፈልጋል። ቢጄፒ አንደኛ ቢወጣም 8 መቀመጫ ጎደለው።

«ድምፅ» ያሉትም አልተሳካም። ከመራጩ ድምፅ ኮንግረስ 38 በመቶ ገደማ፣ ቢጄፒ 36 በመቶ ገደማ ነው ያገኙት። በድምፅ የበለጠው ኮንግረስ፣ በመቀመጫ የበለጠው ቢጄፒ ነው ማለት ነው። በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ዕጩ ብቻ ስለሚያልፍ፣ ድምፁ በየቦታው የተበተነበት ፓርቲ ብዙ መራጭ ይዞ ጥቂት ወንበር ይዞ ይወጣል። ጄዲኤስ ግን በድሮው የማይሶር አካባቢ (በግዛቲቱ ደቡብ) የተሰባሰበ ደጋፊ ስላለው በ18 በመቶ ገደማ ድምፅ 37 ወንበር አገኘ። ስለዚህ «ድምፅ» እና «መቀመጫ» በምርጫ ዜና ውስጥ አይወራረሱም፤ እዚህ ቢያወራርሷቸው አሸናፊው ይለወጥብዎታል።

ወደ «አብላጫ» እንመለስ። ቃሉ ከ«በለጠ» የመጣ ነው፤ «በለጠ» ደግሞ «ከ»ን ይፈልጋል፦ ከማን በለጠ? ከእያንዳንዱ ተፎካካሪ በተናጠል፣ ወይስ ከሌሎቹ ሁሉ ድምር? አማርኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ይሸከማል። የራሳችንን ሕገ መንግሥት ያስተያዩ። አንቀጽ 54 ከተወዳዳሪዎች መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘ ዕጩ አሸናፊ ይሆናል ሲል ከእያንዳንዱ ተፎካካሪ መብለጡን ነው፤ በሦስት ዕጩዎች መካከል 40 በመቶ ያገኘ ሰው ያልፋል። አንቀጽ 59 የምክር ቤቱ ውሳኔ በአብላጫ ድምፅ ይተላለፋል ሲል ግን ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ሕግ አዋቂ ከዐውዱ ይለየዋል። የመጽሔት አንባቢ ግን «በአብላጫ አሸነፈ» ሲባል ሁለተኛውን ይወስዳል፤ አርታኢዎም የወሰዱት እሱን ነው።

«አንጻራዊ አብላጫ» እና «ፍጹም አብላጫ» ብሎ መለየት በሕግ መማሪያ ያስኬዳል። ለመጽሔት ግን አልመክረውም፤ «አንጻራዊ» የሚለው ቃል ራሱ ማብራሪያ ይጠይቃል። «ከሁሉም የበለጠ መቀመጫ አገኘ» ወይም በቀላሉ «አንደኛ ወጣ» ለመጀመሪያው፣ «ከግማሽ በላይ» ለሁለተኛው ቢሉ ማንም አይሳሳትም። በብዙዎቻችን አፍ የለመደው «ግማሽ ሲደመር አንድ» ደግሞ የሚሠራው ጠቅላላው ቁጥር ሙሉ (ለሁለት እኩል የሚከፈል) ሲሆን ብቻ ነው። 225 አባላት ቢኖሩ ግማሹ 112 ተኩል ነው፤ አንድ ሲጨመርበት 113 ተኩል ይሆናል፤ የሚያስፈልገው ግን 113 ነው። «ከግማሽ በላይ» በጎዶሎም በሙሉም አያሳፍርም።

«አሸነፈ»ን መጣል የለብዎትም፤ ቦታውን ያስይዙት። ቢጄፒ በ104 የምርጫ ክልሎች አሸንፏል፤ ይህ እውነት ነው። ግዛቲቱን አሸነፈ ማለት ግን መንግሥት ለመመሥረት የሚበቃ ወንበር አለው ማለት ስለሆነ አያስኬድም።

ሁለተኛው ጥፋት «ተዋሕደው» ነው። እኔ ብሆን ከመጀመሪያው ይልቅ በዚህኛው ላይ እጠነክር ነበር። ኮንግረስና ጄዲኤስ አልተዋሐዱም፤ ተጣመሩ። በውሕደት የፓርቲዎቹ ስም፣ ማኅተምና አባልነት አንድ ይሆናል፤ በ2012 ዓ.ም. ብልጽግና ሲመሠረት ያየነው ውሕደት ነው። በጥምረት ሁሉም በየስሙ ጸንቶ ሥልጣን ይካፈላል፦ በካርናታካ ዋና ሚኒስትርነቱ (የግዛቲቱ መንግሥት መሪነት) ለጄዲኤሱ ኩማራስዋሚ፣ ምክትልነቱ ለኮንግረሱ ፓራሜሽዋራ፣ አብዛኛው የሚኒስትር ወንበር ለኮንግረስ ሆነ። በሕንድ ደግሞ ልዩነቱ የሕግ መዘዝ አለው። በፈረንጆቹ 1985 ወደ ሕገ መንግሥቱ የገባው የፓርቲ ክዳት ሕግ ፓርቲውን የተወ ወይም ከፓርቲው ትእዛዝ ውጭ ድምፅ የሰጠ ተመራጭ መቀመጫውን እንዲያጣ ያዛል፤ የሚተርፈው ከፓርቲው ተመራጮች ሁለት ሦስተኛው የተስማሙበት ውሕደት ሲሆን ነው። «ተዋሕደው» ብሎ የጻፈ ሰው ሳያውቀው በዚህ ሕግ ውስጥ ሌላ ታሪክ እየተረከ ነው።

«ቅንጅት»፣ «ግንባር» እና «ኅብረት» በመዝገበ ቃላት ቢቀራረቡም በእኛ ፖለቲካ ውስጥ የተጸውዖ ስም ሆነው ስለቆዩ ለሌላ አገር ዜና ባይጠቀሙባቸው ይሻላል። «ጥምረት» እና «ጥምር መንግሥት» ንጹሕ ናቸው። ይልቅ ጥምረቱ መቼ እንደተፈጸመ ይጻፉ። ጄዲኤስና ቢኤስፒ የተጣመሩት ከምርጫው በፊት ነበር፤ ኮንግረስና ጄዲኤስ ግን በምርጫው ተፎካክረው ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ነው የተጣመሩት። ከነቢኤስፒ 116 ሆኑ። የግዛቲቱ አገረ ገዥ ግን አንደኛ የወጣውን ፓርቲ መሪ ዬዲዩራፓን ጠርተው መንግሥት እንዲመሠርቱ፣ በ15 ቀን ውስጥም የምክር ቤቱን ድጋፍ እንዲያሳዩ ፈቀዱ። ዬዲዩራፓ ግንቦት 9 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 15ቱን ቀን አሳጥሮ ግንቦት 11 ድምፅ ይሰጥ አለ፤ እሳቸውም ድምፅ ሳይሰጥ ለቀቁ።

እዚህ ላይ «ለቀቁ» ብለው መጻፍዎ ልክ ነው። የጥምር መንግሥቱን የመጨረሻ ቀን ታሪክ ሲጽፉ ግን ግስዎን ይለውጡ። ሐምሌ 16 ቀን 2011 ዓ.ም. ኩማራስዋሚ ድምፅ ተሰጥቶባቸው 99 ለ105 ተረቱ፤ እሳቸው «የመተማመኛ ድምፅ ተነፈጉ» ይባላል። ያን ቀን ድምፅ የሰጡት 204 አባላት ስለነበሩ 103 ይበቃ ነበር፤ የ2010ሩን 112 እዚያ ላይ መድገም ሌላ ስሕተት ነው። አባላቱ የጎደሉት ከጥምረቱ ያፈነገጡ ተመራጮች ከመቀመጫቸው እለቃለሁ ብለው በመቅረታቸው ነው። በቀጥታ ለቢጄፒ ድምፅ ቢሰጡ የክዳት ሕጉ ይይዛቸው ነበርና። አፈ ጉባኤው መልቀቂያቸውን በመቀበል ፈንታ 17ቱን ከአባልነት ሰረዙ። ስለዚህ «ከምክር ቤቱ ለቀቁ» ወይም «ወደ ቢጄፒ ገቡ» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ለመልቀቅ ጠየቁ፣ ተሰረዙ፣ ከዚያ ብዙዎቹ በማሟያ ምርጫ በቢጄፒ ስም ተወዳደሩ። ኅዳር 25 ቀን 2012 ዓ.ም. በ15 ቦታዎች በተካሄደው ማሟያ ምርጫ ቢጄፒ 12ቱን ወሰደ።

ዓረፍተ ነገርዎን እንዲህ ቢያስተካክሉት፦ «በ2010 ዓ.ም. በካርናታካ ምርጫ ቢጄፒ 104 መቀመጫ ይዞ አንደኛ ቢወጣም ከግማሽ በላይ አላገኘም፤ ከምርጫው በኋላ የተጣመሩት ኮንግረስና ጄዲኤስ ግማሹን ስላለፉ፣ የቢጄፒው ዋና ሚኒስትር ቃለ መሐላ በፈጸሙ በሦስተኛው ቀን የመተማመኛ ድምፅ ሳይሰጥ ሥልጣን ለቀቁ።» ረዘመ፤ ግን አርታኢዎ የሚጠይቁት አያጡም እንጂ ይህን ጥያቄ አይጠይቁም።

«ጠቅላይ ሚኒስትር»ን «ዋና ሚኒስትር» ያደረግሁት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በኒው ዴልሂ ስላለ ነው። የግዛት መንግሥት መሪ «ዋና ሚኒስትር»፣ በፕሬዚዳንቱ የሚሾመው «አገረ ገዥ» ነው። ሁለቱንም «አስተዳዳሪ» የሚሉ ዘገባዎች አሉ፤ በካርናታካው ታሪክ ላይ ያን ቢያደርጉ ማን ማንን እንደጠራ አይታወቅም።