ከአውራ ጣት አጥንት ኦፕራሲዮን በኋላ «እግሬ አልድን አለ» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ግንቦት ላይ በግራ እግርሽ አውራ ጣት ሥር ወደ ጎን የወጣውን አጥንት፣ ሐኪሞች ቡኒየን የሚሉትን፣ ኦፕራሲዮን ተደርገሻል። አሁን ነሐሴ እያለቀ ነው። ጠዋት ደህና የነበረው እግርሽ ማታ ላይ ያብጣል። ጣትሽ እንደ ልብ አይታጠፍም። ከነጠላ ጫማ ሌላ የሚገባሽ የለም። ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ስለሆንሽ አለቃሽ «መቼ ነው የምትመለሺው?» ይልሻል። እናትሽ ደግሞ ወጌሻ ይይሽ እያሉ ነው። «ኦፕራሲዮኑ አልተሳካም ማለት ነው ወይ? ጥር ላይ ለእህቴ ሰርግስ ሂል ማድረግ እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል።

እኔም ይህንኑ ኦፕራሲዮን ተደርጌያለሁ። መምህርት ነኝ፤ ሥራዬ መቆም ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ሐኪም አይደለሁም። ያሳለፍኩትንና ሐኪሞቼ ያስረዱኝን ግን ሳልቆጥብ ልንገርሽ።

በሦስተኛው ወር ማበጥ አለመሳካት አይደለም። ይህን አጥብቀሽ ያዢ።

ብዙ ሰው ይህ ኦፕራሲዮን የወጣውን አጥንት ልጦ መጣል ብቻ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንደዚያ አይደለም። ሐኪሙ አጥንቱን ይቆርጠዋል፣ ወደ ቦታው ያንሸራትተዋል፣ ከዚያ በብሎን ያስረዋል። እግርሽ ተሰብሮ ነበር ማለት ነው፤ በዕውቀት የተሰበረ ስብራት። የተቆረጠው አጥንት ለመያያዝ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። በዙሪያው ያለው ሥጋና ጅማት ግን በዚያ አያበቃም። እብጠት እስከ 6 ወር መቆየቱ የተለመደ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ዓመት ይሞላል። ኮንዶሚኒየም ሰፈር የኖረ ሰው ይገባዋል፤ ምሰሶው ተሞልቶ ጣውላው ስለተነቀለ ቤቱ አለቀ አይባልም።

እኛ ጆሮ ውስጥ የሚቀረው ግን «6 ሳምንት» የሚለው ነው። 6 ሳምንት ማለት ብዙ ጊዜ ያን ወፍራም የኦፕራሲዮን ጫማ የምናወልቅበት ጊዜ ነው። የዳንበት ቀን አይደለም። ይህ ለታካሚ ገና አልጋ ሳይዝ በግልጽ ሊነገረው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሳይነገረን ስለምንቀር ነው በሦስተኛው ወር እንዲህ ተስፋ የምንቆርጠው።

ማታ ማታ የሚያብጠው ለምንድን ነው? እግር ከሰውነት ሁሉ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ደምና ፈሳሽ ከዚያ ወደ ልብ የሚመለሰው ሽቅብ ወጥቶ ነው። የሚገፋው ደግሞ የባት ጡንቻ ነው። በደንብ ስንራመድ ባታችን እየጨመቀ ያወጣዋል። ስናነክስ ወይም አንድ ቦታ ስንቆም ግን አይሠራም፤ ፈሳሹ እዚያው ይጠራቀማል። እግርሽን ስታወርጂው መወጠሩና መጥቆሩ፣ ከፍ ስታደርጊው ደግሞ ወደ መልኩ መመለሱ ከዚህ የመጣ ነው።

ስለዚህ ከመድኃኒቱም በላይ የረዳኝ እግሬ ቀኑን የት እንደሚውል ማሰብ ነው። ሰው «እግርሽን ስቀይው» ሲል በርጩማ ላይ ማድረግ ይመስለናል። አይበቃም። ከልብሽ ከፍ ማለት አለበት። ተጋደሚ፣ ትራስ ደርቢ፣ ከጉልበትሽ እስከ ተረከዝሽ ይደገፍ። እዚያው ሆነሽ ቁርጭምጭሚትሽን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሺ፤ ባትሽ ያን ጊዜ ይሠራል። ደግሞ ማታ አንድ ጊዜ ረጅም ሰዓት ከመተኛት ቀን ላይ አጭር አጭር እያደረጉ ደጋግሞ መጋደም ይሻላል። አብጦ ካለቀ በኋላ ማውረድ ከባድ ነው። በረዶ ካለሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዢበት። መብራት በሄደ ቀን በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣም ይረዳል። «በሞቀ የጨው ውሃ ዘፍዝፊው» የሚሉሽን ግን አሁን ተያቸው፤ ሙቀት እብጠትን ያባብሳል።

ጣቴ አይታጠፍም ያልሽው እኔንም በጣም ያስጨነቀኝ ነገር ነው። መገጣጠሚያው ሳምንታት ታስሮ ስለቆየ ይደርቃል። በራሱ አይለቅም፤ መለማመድ ይፈልጋል። መጀመሪያ ግን ራጅ ተነስተሽ አጥንቱ መያዙን ሐኪሙ ያረጋግጥልሽ። ከዚያ ጣትሽን ከሥሩ ያዢው፣ ከጫፉ አይደለም። ቀስ ብለሽ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች። ሲወጠር ትንሽ ቆዪ። የመወጠር ስሜት ደህና ነው፤ የሚቆርጥ ሕመም ሲመጣ ግን አቁሚ። መሬት ላይ ፎጣ አንጥፈሽ በእግር ጣቶችሽ እየሰበሰብሽ መሳብም ጥሩ ነው። የእኔ ልጆች ብያቸውን ደርድረው በጣቴ አንስቼ ሳህን ውስጥ እንድጥል ያደርጉኝ ነበር። ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ፣ ማግኘት ከቻልሽ ጥቂት ቀጠሮም ቢሆን ሂጂ። ቤት የምትሠሪውን በትክክል ካሳየሽ ሌላውን ራስሽ ትቀጥያለሽ።

የእኔ ፊዚዮቴራፒስት ያስተዋለልኝ አንድ ነገር አለ። ሁላችንም ለጣታችን ስለምንሳሳ በእግራችን የውጭ ጠርዝ መሄድ እንለምዳለን። መጀመሪያ ላይ በተረከዝ ሂዱ የሚሉን ሐኪሞቹ ናቸው፣ ትክክልም ነው። አጥንቱ ከያዘ በኋላ ግን ልማዱ ይቀራል። በዚህ የተነሳ ጉልበትና ዳሌ ያማል፣ ጣቱም ሥራ ስለሚፈታ ይበልጥ ይደርቃል። ሐኪምሽ ከፈቀደልሽ ቤት ውስጥ ግድግዳ እየያዝሽ ተረከዝ፣ ከዚያ መሃል እግር፣ ከዚያ አውራ ጣት እያልሽ ቀስ ብለሽ ተራመጂ። ፍጥነት አያስፈልግም።

የጣትሽ ጎን ደንዝዞ ከሆነም አትደንግጪ። ቆዳው ሥር ያለው ነርቭ በኦፕራሲዮን ጊዜ ይነካል። ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ትንሽ ቦታ ደንዝዛ ትቀራለች።

አሁን ወደ ወጌሻው። የእናትሽን ሐሳብ አልንቅም። የእኔም እናት ያንኑ ብለዋል፤ ከፍቅር ነው። ወለም ላለ እግር ወጌሻ ጋ የሄደ ሰው በየቤቱ አለ። የአንቺ ግን ወለምታ አይደለም። ተቆርጦ በብሎን የታሰረ አጥንት ነው። ወጌሻው ብሎኑን አያየውም። አሽቶ ቢጫነው የያዘውን ሊያንቀሳቅስ፣ ቁስሉንም ሊያመረቅዝ ይችላል። ይህን ለእናትሽ በክርክር ልትነግሪያቸው አትሞክሪ። ራጁን አሳዪያቸው። ብሎኑ ራጁ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እናቴ ያን ካዩ በኋላ ስለ ወጌሻ አላነሱም። ጠባሳውን ማሸት ከፈለግሽ ግን ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከገጠመ በኋላ ራስሽ በቫዝሊን ቀስ አድርገሽ ማሸት ትችያለሽ።

ስለ ሥራሽ ብዙ ልበል፤ እዚህ ላይ ብዙ እህቶች መብታቸውን ሳያውቁ ይጎዳሉ። አንቺ የግል ድርጅት ሠራተኛ ስለሆንሽ የሚመለከትሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ አዋጅ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። ቀጣዮቹ 2 ወራት 50 በመቶ። የቀሩት 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ከኦፕራሲዮኑ ጀምሮ በፈቃድ ላይ ከሆንሽ የሚከፈልሽ ጊዜ እያለቀ ነው። ስለዚህ ሁለት ምርጫ ብቻ እንዳለሽ አድርገሽ አታስቢ፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ቤት መቀመጥ ወይ እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ መቆም አይደለም። ካሸር ተቀምጦ መሥራት ይቻላል። ሐኪምሽ በሕክምና ማስረጃው ላይ «ረጅም ሰዓት መቆም የለባትም» ብሎ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። ወረቀቱን ይዘሽ አለቃሽን አነጋግሪ፤ ወንበር፣ እግርሽን የምታሳርፊበት ካርቶን፣ በመሃል የምትጋደሚበት አጭር ዕረፍት። በቃል ከመለመን በወረቀት መነጋገር ይሻላል። እኔም ወንበር ክፍል ውስጥ የገባልኝ በወረቀት ነው።

መንገዱ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። በክረምት የኛ ሰፈር ጭቃ ታውቂዋለሽ። ኮብልስቶኑም እኩል ስላልሆነ እግርን ያጣምማል። ታክሲ ስትይዢ ጋቢና ተቀመጪ፤ እግር የሚረገጠው ከኋላ ነው። ተራ አስከባሪዎቹን እግርሽን አሳይተሽ ብትነግሪያቸው ያስቀድሙሻል። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲና ሳሪስ የማለዳ ግፊያ ሲኖር እነሱ ናቸው የያዙልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። ፎቅ ላይ ከሆንሽ ደግሞ ስትወጪ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ስትወርጂ የታመመው ይቅደም፣ እጅሽ ከመደገፊያው አይለቅ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ጄሪካን ይዘሽ ደረጃ አትውጪ። የጎረቤት ልጅ ላኪ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የሰው ዓይን ነው። «ለእግር ጣት ነው ይህ ሁሉ?» ይላሉ። ልብ ወይም ኩላሊት ቢሆን ማንም እንዲህ አይልም። ለቅሶ ስትቀሪ ትታሚያለሽ፣ ቡና ላይ ተነስተሽ ካላፈላሽ ሰነፍ ትባያለሽ። እኔ ለእድራችን ሰዎችና ለጎረቤቶቼ አስቀድሜ ነገርኳቸው፤ «አጥንቴ ተቆርጦ በብሎን ታስሯል፣ እስከ ዓመት ያብጣል ተብያለሁ፣ ቆሜ ማገልገል አልችልም» ብዬ። ከዚያ ወዲህ ወቃሽ ጠፋ። አንዳንዶቹ እንጀራ ጋግረው ያመጡልኝ ነበር። ሰው ጨካኝ ሆኖ ሳይሆን ስለማያይ ነው፤ ከካልሲ ውስጥ ያለ ሕመም አይታይም። ቅዳሴም ቆመሽ ካላስቀደስሽ ኃጢአት አይምሰልሽ። የነፍስ አባቴ ራሳቸው «ተቀምጠሽ አስቀድሺ» ብለውኛል። ሱጁድ ላይ ጣት ስለሚታጠፍ የምትቸገር እህትም ካለች፣ ጎረቤቴ እስክትድን ወንበር ላይ ሆና ትሰግድ ነበር።

ማልቀስ የመጣብሽ ቀን አልቅሺ። እኔ በየሳምንቱ እግሬን በስልክ ፎቶ አነሳው ነበር፣ ጠዋት፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ። ከትናንት ጋር ስታወዳድሪው ለውጥ የለም። ከወር በፊቱ ጋር ስታወዳድሪው ግን አለ። ለሐኪምም ማሳያ ይሆናል።

ምግቡን በአጭሩ፤ እንቁላል፣ ወተት፣ በጾም ምስርና ሽሮ፣ ጎመን፣ ሰሊጥ። ፀሐይ ብቅ ስትል በረንዳ ላይ ውጪ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ ይተው፤ አጥንት እንዳይያያዝ ያዘገያል።

አሁን የምነግርሽን ግን በዝግታ ከመዳን ጋር አትቀላቅይው። ሕመሙ እየቀነሰ ሳይሆን እየባሰ ከሄደ፣ ቁስሉ ከቀላና ካተኮሰ፣ መግል ወይም ሽታ ካለው፣ ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሂጂ። ባትሽ በአንድ ወገን አብጦ ካመመሽ ወይም ደረትሽን ወግቶ ትንፋሽ ካጠረሽ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ጣትሽ እንደገና መጣመም ከጀመረ ወይም አንሶላ ሲነካው እንኳ የሚያቃጥልሽ ከሆነ ለሐኪምሽ ቶሎ ንገሪ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ከሁላችንም በላይ ይጠንቀቅ።

የሰርጉ ጫማ ቀረ። ጥር ላይ ስምንተኛ ወርሽ ነው። ሰፊና ዝቅ ያለ ጫማ ያኔ እንደሚገባሽ ተስፋ አለኝ። ሂል ግን አልመክርሽም። ረጅም ተረከዝ የሰውነትሽን ክብደት ሁሉ በተሠራው መገጣጠሚያ ላይ ይጭነዋል፤ ጠባብ አፍ ደግሞ ጣቱን ወደ ነበረበት ይገፋዋል። አጥንቱ ተመልሶ ሊወጣም ይችላል። ለአሁን ከሰልባጅ ተራ ሰፊ ስፖርት ጫማ፣ ክሩ የሚላላ፣ ሶሉ ጠንከር ያለ ፈልጊ። ስትለኪ ከሰዓት በኋላ ሂጂ፣ እግርሽ ያበጠበት ሰዓት ላይ። ለሰርጉም ከሐበሻ ቀሚስ ሥር የቆዳ ጠፍጣፋ ጫማ ያምራል፤ ጫማ ሰፊ ጋ በልክሽ ብታሠሪው ደግሞ ከአፉ ሰፋ አድርጎ ይሠራልሻል። ትዕዛዙን ግን ታኅሣሥ ላይ ስጪው፤ ያኔ የእግርሽ ልክ አሁን ካለው ይቀንሳል።

ራጁ ያሳየውን ጻፊልን። ምሕረቱን ያውርድልሽ።