«ሌላ ከተማ ሄደው ለምን አልኖሩም?»

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምኖረው በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። በሀገር ቤት የወረዳችንን ሹማምንት በሕዝብ ስብሰባ ላይ በመተቸቴ ፖሊስ ሁለት ጊዜ አስሮ ደብድቦኛል። በጥገኝነት ቃለ መጠይቄ ላይ «ለምን ለበላይ አካል አላመለከቱም? ሌላ ከተማ ሄደው ለምን አልኖሩም?» ተብዬ መልስ አጣሁ። በራሴ ፓስፖርት በቦሌ መውጣቴስ ይጎዳኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በ1951 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የስደተኞች ስምምነት የቆመው የገዛ ሀገሩ ጥበቃ ለጎደለበት ሰው ነው። አሳዳጁ ጎረቤት ወይም ሽፍታ ቢሆን ኖሮ፣ መንግሥት ሊያስጥልዎ አለመቻሉን ወይም አለመፈለጉን ማስረዳት የእርስዎ ድርሻ በሆነ ነበር። የደበደበዎ ራሱ ፖሊስ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። በአሜሪካ የጥገኝነት ደንብ መሠረት አሳዳጁ መንግሥት ከሆነ ወደ ሌላ የሀገሪቱ ክፍል ሄዶ ይኑር ማለት ምክንያታዊ አይደለም ተብሎ ይገመታል፤ ምክንያታዊ ነው የሚል ካለ፣ የማስረዳቱ ሸክም በአሜሪካ መንግሥት ወገን ላይ ይወድቃል።

ችግሩ ያለው «ይህ የወረዳ ሹም የግል ቂም እንጂ የመንግሥት ማሳደድ አይደለም» የሚለው መከራከሪያ ላይ ነው፤ የብዙ ወገኖቻችን ጉዳይ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስለዚህ የታሰሩት በፖሊስ ጣቢያ መሆኑን፣ የተጠየቁት ስለ ተናገሩት ነገር እንደነበረና አቤት ያሉ ሌሎች ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው በዝርዝር ይግለጹ። በሌላ ከተማ የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ማምጣት ይጠየቅ እንደነበርም ያስረዱ፤ ከሚሸሹት ሹም ፈቃድ እየጠየቁ መደበቅ እንደማይቻል፣ እዚያ ላልኖረ ሰው ካልተነገረው አይገባውም።

ፓስፖርት መያዝ ብቻውን ስጋት የለብዎትም ለማለት እንደማይበቃ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የአሠራር መመሪያ ይገልጻል። ሆኖም ፓስፖርቱን መቼና በምን መንገድ እንዳገኙ፣ ከእስሩ በፊት ይሁን በኋላ፣ በግልጽ ይናገሩ። ለማሳደስ ወደ ኤምባሲ ከመሄድዎ በፊት ደግሞ ጠበቃ ያማክሩ፤ ፓስፖርቱን ማሳደስዎ የሀገርዎን ጥበቃ ዳግም እንደ መሻት ሊቆጠርብዎ ይችላልና።

ውሳኔ ገና ካልተሰጠዎት፣ በቃለ መጠይቁ ላይ ያልመለሱትን በጽሑፍ አዘጋጅተው በጠበቃዎ በኩል በቶሎ ያስገቡ።