ከመሰላል ወድቄ በእግሬ ሄጃለሁ፤ ታዲያ ጀርባዬ ለምን አልተወኝም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ43 ዓመት ሰው ነኝ። ከአምስት ቀን በፊት ጣሪያ ስቀባ ሁለት ሜትር ከሚሆን ከፍታ ወድቄ በመቀመጫዬ አረፍኩ። ሰዎች በብብቴ ይዘው አነሱኝና በእግሬ ሄድኩ። ከወገቤ ትንሽ ከፍ ብሎ ግን ስቀመጥም ስቆምም ያመኛል። በቀን ሦስት ጊዜ ዲክሎፌናክ እወስዳለሁ፤ ሲብስብኝ አይቡፕሮፌን እጨምራለሁ። የትኛው ቅባት ይሻለኛል? መታሸትስ እችላለሁ?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ቅባት ቢሆንም ያስጨነቀዎት «ሽባ እሆን ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል። እግሮችዎ እስካሁን በሙሉ ጉልበታቸው ከታዘዙዎት፣ የደነዘዘ ቦታ ከሌለና ሽንትዎ እንደ ወትሮው ከሆነ ህብለ ሰረሰርዎ (በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ) አልተጎዳም ለማለት ጥሩ ምልክት ነው። አይሸበሩ።

«ተራምጃለሁና አልተሰበርኩም» የሚለውን ግን ከልብዎ ያውጡት። አጥንቱ ሌላ፣ በውስጡ የሚያልፈው ህብለ ሰረሰር ሌላ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ ህብለ ሰረሰሩ ሊተርፍ ይችላል፤ እንዲህ የተጎዳ ሰው ይቆማል፣ ይራመዳል፣ ደረጃም ይወጣል። የደረት 12 አከርካሪዎች ከጎድን አጥንት ጋር ስለተያያዙ ብዙም አይንቀሳቀሱም፤ የወገብ 5 አከርካሪዎች ግን እንደልብ ይተጣጠፋሉ። በመቀመጫ ሲወድቁ ከታች የሚመጣው ኃይል የሚበረታው ሁለቱ በሚገናኙበት፣ በ12ኛው የደረትና በ1ኛው የወገብ አከርካሪ ላይ ነው። የአከርካሪው የፊት ጎን ይጨፈለቅና ቅርጹ እንደ ሽብልቅ ይሆናል። የሚያምዎት ቦታ እዚያው አካባቢ ነው። ህብለ ሰረሰር የሚያበቃውም በ1ኛውና በ2ኛው የወገብ አከርካሪ ግድም ስለሆነ ስባሪው ወደ ኋላ ከተገፋ የሚያገኘው እሱን ነው። ዛሬ የሚራመድ ሰው ነገ ሲጎነብስ ወይም ሲያሹት ሊባባስበት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ አይታሹ። ራጅ ሳይነሱ ማንም ጀርባዎን አይጫን፣ አያጣምም። ቅባቱም ቆዳዎን ከማሞቅ በቀር ለአጥንቱ የሚያደርገው ነገር የለም።

መድኃኒቱን በተመለከተ ግልጽ ልሁን፦ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የአንድ ቤተሰብ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። አንዱን በሌላው ላይ መደረብ የሚያተርፍልዎ የጨጓራ መድማትና የኩላሊት ጉዳት ነው። አይቡፕሮፌኑን ዛሬውኑ ይተዉ። አምስት ቀን ሙሉ ሕመሙን እያፈኑ መቆየትዎ ትክክል አልነበረም፤ ሕመሙ «አትጎንበስ» እያለዎት ነበር።

ዛሬ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ፤ ከፊትና ከጎን ይነሳሉ። ስብራት ከታየ ወይም ራጁ ካላጠገበ ሐኪሙ ሲቲ ስካን ያዛል። የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ይዘው ይሂዱ። እስኪታዩ ድረስ ዕቃ አያንሱ፣ አይጎንበሱ፤ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ትከሻዎና ዳሌዎ እኩል ይዙሩ። ስብራት ቢገኝ እንኳ አብዛኛው እንዲህ ያለ ስብራት ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል።

በጭንዎ መካከል ወይም በፊንጢጣዎ ዙሪያ ከደነዘዘዎት፣ ፊኛዎ ሞልቶ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳያውቁት ካመለጠዎት፣ እግርዎ ከከዳዎት ግን ነገ አይበሉ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የተጨነቀ ነርቭ የሚታገሠው ለሰዓታት ነው።

ያነሱዎት ሰዎች በጎ አሳቢዎች ናቸው፤ ነገር ግን የወደቀን ሰው በብብት ይዞ ማንሳት አደገኛ ነው። አምቡላንስ ይጠራል፣ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ከሁለት ጎን ይዞ ከአካሉ ጋር ቀጥ እንዳለ ያቆያል፣ ሌላው እንዳይነሳ ይነግረዋል። ቢያስመልሰውና ማዞር የግድ ቢሆን፣ ጭንቅላቱን የያዘው ሰው እየቆጠረ፣ ሌሎቹ ትከሻና ዳሌውን ይዘው መላ አካሉን በአንዴ ወደ ጎን ያዞሩታል።

ከዳኑ በኋላ ቀለሙን ሊጨርሱ ከወጡ፣ መሰላሉ በየ4 ሜትር ከፍታው እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ሲወጡና ሲወርዱ ሁልጊዜ ሦስት የአካል ክፍልዎ መሰላሉ ላይ ይሁን፦ ሁለት እግርና አንድ እጅ፣ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር። ብሩሹ አልደርስ ሲል መዘርጋት ነው የሚጥለው፤ የቀበቶዎ ዘለበት ከሁለቱ ቋሚዎች መካከል ሊወጣ ሲል ይውረዱና መሰላሉን ያንቀሳቅሱት።