የውሃ ቢልሽ በዋጋ ብቻ ላይሆን ይችላል የጨመረው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ጣጣ አስታወሰኝ። «በወር 41 ፓውንድ የነበረው የውሃ ቢል በኤፕሪል 2025 ወደ 78 ገባ። አራት ነን፣ አጠቃቀማችን አልተለወጠም። ኩባንያ መቀየር ይቻላል ወይ?» ነው ያልሽው።

አይቻልም። መብራትና ጋዝ እንደምንቀይረው ውሃ አይቀየርም። እንግሊዝ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ አቅራቢ የመምረጥ ዕድል ያገኙት ንግድ ቤቶች ናቸው። ለመኖሪያ ቤት ግን የሰፈሩ ቧንቧ የማን ነው? ደንበኝነትሽ የዚያ ኩባንያ ነው፣ አለቀ። እኔን የሚያበሳጨኝም ይሄ ነው። በ1989 የማርጋሬት ታቸር መንግሥት የእንግሊዝንና የዌልስን ውሃ ሲሸጥ 5 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ዕዳ ሰርዞላቸው ነው ያስረከባቸው። ዛሬ የኩባንያዎቹ ዕዳ ተደምሮ ከ60 ቢሊዮን በላይ ሆኗል። በእነዚህ ዓመታት ለባለአክሲዮኖች በቢሊዮን የሚቆጠር ትርፍ ተከፍሏል። የዕዳው ወለድ የሚከፈለው ደግሞ እኔና አንቺ ከምንከፍለው ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ውሃው እስካሁን የመንግሥት ነው። ዌልስም ብትሆን ትልቁ ኩባንያዋ ከ2001 ጀምሮ ባለአክሲዮን የለውም። ስለዚህ ሌላ መንገድ የለም የሚሉሽን አትመኚ።

አሁን ወደ ቢልሽ። ኦፍዋት የሚባለው ተቆጣጣሪ በየአምስት ዓመቱ የዋጋ ጣሪያ ይወስናል። በዲሴምበር 2024 የፈቀደው ጭማሪ እስከ 2030 በአማካይ 36 በመቶ ነው፣ የዋጋ ንረቱን ሳይጨምር። ትልቁ ዝላይ የመጣው በመጀመሪያው ዓመት ነው። በኤፕሪል 2025 አማካይ ቢል በ123 ፓውንድ ጨምሮ በዓመት 603 ደረሰ፤ 26 በመቶ ማለት ነው። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች በጣም የጨመረው ሳውዘርን ዎተር እንኳ 47 በመቶ ነበር። ያንቺን ግን ቁጭ ብዬ ሳሰላው 90 በመቶ ሆነብኝ። ይሄን ዋጋው ብቻውን አያመጣውም።

እኔ የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ኑሮ ተወደደ ተወደደ ሲባል ቢሌም ሲጨምር አልገረመኝም። «ያው ሁሉም ነገር ጨምሯል» ብዬ ዘጠኝ ወር ከፈልኩ። አንድ ቀን ባለቤቴ ወረቀቱን ገልብጦ ሲያይ ከቆጣሪው ንባብ ጎን «ኢ» የሚል ፊደል አገኘ፤ ኤስቲሜትድ (በግምት) ማለት ነው። ለካ ሁለት ጊዜ ቆጣሪውን ሳያነቡ በግምት ነው የላኩልን። ወጥተን ቆጣሪውን ስናነብ ከግምቱም በልጦ ተገኘ። በወር 28 ሜትር ኩብ!

አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው። እዚህ አገር አንድ ሰው በቀን በአማካይ 140 ሊትር ገደማ ይጠቀማል። ለአራት ሰው በወር 17 ሜትር ኩብ አካባቢ ይመጣል። የእኛ 11 የት ገባ? ሽንት ቤት ውስጥ። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለችው የጎማ መዝጊያ አርጅታ ክር የመሰለ ውሃ ቀን ከሌት ይወርድ ነበር። ድምፅ የለው፣ ምን የለው። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨመርኩና ሳንለቅበት ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ሳህኑ ቀላ። ጎማዋ ስትቀየር ቢሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። የገባው ውሃ አብዛኛው በፍሳሽ ይወጣል ተብሎ ስለሚታሰብ ለአንዱ ሊትር ለውሃም ለፍሳሽም ነው የምትከፍይው። የሚያቃጥለውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሁሉም ከተኙ በኋላ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፊ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ እንደገና እይው። ከተንቀሳቀሰ የሚፈስ ነገር አለ። የሚፈሰው ከመሬት በታች ባለው ቧንቧ ከሆነ አስጠግነሽ ለኩባንያው ንገሪ። ብዙዎቹ አንዴ ከቢሉ ላይ ይቀንሳሉ። እንደ እኔ ሽንት ቤት ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመልሱም። ለእኔም አልመለሱም፤ የግምቱን ቢል ግን አስተካክለዋል።

ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ቀጥሎ የምትጠይቂው ቅናሽ ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ወይም ሌላ ቤኔፊት (የመንግሥት ድጎማ) ካላችሁ ኩባንያው ሶሻል ታሪፍ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሆን ቅናሽ፣ እንዳለው ጠይቂ። መስፈርቱ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ዎተርሹር የሚባልም አለ። ቆጣሪ ኖሮሽ፣ ቤኔፊት ላይ ሆነሽ፣ ከ19 ዓመት በታች ሦስትና ከዚያ በላይ ልጆች ካሉሽ ወይም ከቤተሰቡ ብዙ ውሃ የሚያስፈልገው ሕመም ያለበት ካለ፣ ቢልሽ ከኩባንያው አማካይ ቢል እንዳያልፍ ይገደባል። እናንተ አራት ስለሆናችሁ፣ ሦስቱ ልጆች ካልሆኑ በቀር በልጆቹ ብዛት አይሆንም፤ አንዱ ልጅ ከባድ የቆዳ ሕመም ካለበት ግን ሊሠራ ይችላል። የዝናቡ ውሃ ወደ ሕዝብ ፍሳሽ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ወደ መሬት የሚሰርግ ከሆነም የሚቀነስ ክፍያ አለ። ይሄን ካልጠየቅሽ ማንም አይነግርሽም።

አንድ ነገር አትፍሪ። ከ1999ኙ ሕግ ወዲህ በዕዳ ምክንያት የመኖሪያ ቤት ውሃ መቁረጥ ክልክል ነው። ያ ማለት ግን ዝም ብሎ መተው አይደለም። ዕዳው ፍርድ ቤት ከሄደ የክሬዲት ታሪክሽን ያበላሻል። ሳይከማች ደውይና እየከፋፈሉ መክፈል ጠይቂ። እኔ በእንግሊዝኛዬ አፍሬ ሳልደውል ብዙ ወር አጥፍቻለሁ። ብዙዎቹ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ኩባንያው በጽሑፍ ላቀረብሽው አቤቱታ የማያረካ መልስ ከሰጠሽ ኮንሱመር ካውንስል ፎር ዎተር የሚባለው የውሃ ደንበኞች ተሟጋች ድርጅት በነፃ ያይልሻል።

የማታውንና የጠዋቱን ቁጥር ነገ እዚሁ ጻፊልኝ፤ አብረን እናሰላዋለን። የቢሉን ፎቶ ከለጠፍሽ ግን የአካውንት ቁጥሩንና አድራሻውን ሸፍኚው።