የአእምሮ ማነቃቂያ መሣሪያ ለቤተሰብ ከመላካችሁ በፊት

ባሕር ማዶ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ለረጅም ዓመታት በነርስነት ሠርቼ አሁን በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ስለምኖር፣ ከጦርነት ተርፎ ሌሊት እየባነነ የሚነሣ ወንድም ወይም እኅት አገር ቤት ያላችሁ፣ በውጭ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ጭንቅላት ላይ ታስሮ በባትሪ የሚሠራውን ማነቃቂያ ገዝታችሁ በሰው እጅ ትልኩ እንደሆነ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ምክሬ አትላኩ ነው።

ቲዲሲኤስ የሚባለው ይህ ዘዴ በጨው ውኃ በራሱ ስፖንጆች አማካይነት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊአምፔር የሚደርስ ደካማ ኤሌክትሪክ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ያህል ያሳልፋል፤ በማደንዘዣ ከሚሰጠው የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና ፈጽሞ የተለየ ነው። የታሰበው ፍርሃትን የሚገታውን የፊተኛውን የአንጎል ክፍል አበርትቶ አሚግዳላ የተባለውን የፍርሃት ማዕከል ማስታገስ ነው። ተስፋውን አልንቅም። ሆኖም የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤትና የመከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት መመሪያ፣ ለድኅረ አደጋ ጭንቀት (ከጦርነትና ከመሳሰለው ሰቀቀን በኋላ ለሚቀረው የአእምሮ ሕመም) ዘዴውን ለመደገፍም ሆነ ለመቃወም በቂ ማስረጃ አላገኙም፤ ያስቀደሙት በሰቀቀኑ ትዝታ ላይ የሚያተኩረውን የንግግር ሕክምና ነው።

ቤት ውስጥ ያለ ባለሙያ ሲሞከር ደግሞ አደጋ አለው። ቅቤ የጠጣ ፀጉርና ጠበቅ ብሎ የተሠራ ሹሩባ ስፖንጁ ከቆዳው ጋር በደንብ እንዳይገናኝ ያደርጋሉ፤ ስፖንጁ ከደረቀ ኤሌክትሪኩ በትንሽ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ቆዳ ያቃጥላል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከጦር ሜዳ የተመለሰው ሰው ነው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ ብረት ሊኖር ይችላል፣ የሚጥል በሽታም ካለበት ብዙ ጊዜ ይደብቀዋል፤ ሁለቱም ሐኪም አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ናቸው።

ስለዚህ ለመሣሪያው ያሰባችሁትን ገንዘብ ለሕክምና ክትትሉ አውሉት። ከዚህ ዳርቻ ተነሥቶ ታክሲ እየቀያየሩ አማኑኤል ሆስፒታል መድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የቀን ሠራተኛ ከሆነ የዕለት ገቢው ይቀርበታል፤ አብሮት የሚሄድ ሰውም ያስፈልገዋል። የንግግር ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 16 ቀጠሮ ስለሚወስድ፣ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ከመላክ ይልቅ ቀጠሮውን እየጠየቃችሁ ብትልኩለት ሕክምናውን እንዳያቋርጥ ይረዳዋል። ሰርትራሊን የመሰለ መድኃኒት ከታዘዘለትም ተሻለኝ ብሎ በራሱ እንዳይተወው ደውላችሁ ምከሩት።

ሕመሙ የእናንተው ከሆነና በምትኖሩበት አገር በዚሁ ማነቃቂያ ጥናት ላይ እንድትሳተፉ ከተጋበዛችሁ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ። የፈቃድ ቅጹን ሳትረዱት አትፈርሙ፤ አስተርጓሚውንም ከሆስፒታሉ ጠይቁ እንጂ ልጃችሁን ይዛችሁ አትግቡ፤ እዚያ የሚነገረው ነገር ለልጅ ጆሮ የሚሆን አይደለምና።